በበቅሎ ወደ ድሮ ዘመን

ሰው ሆኖ አንድ ነገር የማይይዘው የለም። አንዱን ኳስ ይይዘዋል፣ አንዱን ጠጅ ይይዘዋል፤ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ደግሞ የሰው ጫማ ማየት የያዘው አንድ ሰው ነበር፤ ሲያናግራችሁ ዓይኑን ከእግራችሁ አይነቅልም። እኔን የያዘኝ ዘመን ነው። የራሴ ዘመን ቢሆን ደግ ነበር። ያልኖርኩበት፣ ያላየሁት፣ ማንም ና ብሎ ያልጠራኝ የድሮ ዘመን ነው የያዘኝ፤ ሰው በበቅሎ የሚሄድበት፣ ካባ የሚለብስበት፣ ሰላምታ ብቻውን ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ዘመን።

ይህም በሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ስቆብኝ ያልፍ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን በደርግ ጊዜ ነው! ያኔ «የአሮጌው ሥርዓት ናፋቂ» የሚባል ስም ነበር። ይህ ስም የወጣለት ሰው መጀመሪያ ስብሰባ ላይ «ተነስ» ይባላል፤ ከተነሳ በኋላ የት ሄዶ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ የለም። ሌላው ናፋቂ ቢያንስ ልቡ ውስጥ ደብቆ ይናፍቃል። እኔ የናፈቅኩት በአደባባይ፣ ለዚያውም በቅሎ ላይ ተቀምጬ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቤታችን ጉለሌ ነበር፤ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ወረድ ብሎ። ሥራዬ የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ነው። ሳሙና አስገባለሁ፣ ሳሙና አስወጣለሁ፤ ቤቴ ግን ሳሙና የለም። ባለቤቴ ዘነበች የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ናት፤ አባቷ ጋሽ ጨመረ መወርወሪያውን እንደሚልኩት እሷም ነገር ስትልክ ፈጣንና ቀጥተኛ ናት፤ ደግሞም አትስትም።

አጥር የሚያዋስኑን ባላምባራስ ይግዛው ይባላሉ። ድሮ ትልልቅ ጌቶች ዘንድ ያገለገሉ፣ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ማዕረግ ቀርቷል ስለተባለ የቀበሌው ሰዎች «ጓድ ይግዛው» ብለው ይጠሯቸዋል። እሳቸውም ጓድ ይግዛው ሲባሉ ዘወር ብለው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

አንድ የክረምት ቅዳሜ ጣሪያቸው አፈሰሰና በአጥር በኩል ጠሩኝ። ሳጥናቸው ሊበሰብስ ነው፣ ወደ ደረቁ ጥግ አንሳልኝ ብለው ነው። አነሳሁት። አንስቼ ብወጣ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። ግን ክዳኑ ተከፈተና የብል መድኃኒት ሽታ ፊቴን መታኝ። ውስጡ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ ተኝቷል።

«ልበሰው» አሉኝ ባላምባራስ።

«ኧረ እኔ...»

«ልበሰው፤ ሰው ከለበሰው ስንት ዘመኑ።»

ለበስኩት። ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ከበደኝ፤ ግን ደስ የሚል ክብደት ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ትከሻዬን በሁለት እጇ ይዛ «ቀጥ በል» ስትለኝ የሚሰማኝ ዓይነት። ወገቤ ቀና አለ። ድምፄ እንኳ ወፈረ። «ውሃው ቆሟል» ለማለት አፌን ስከፍት አዋጅ የማስነግር ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ ባላምባራስ ቤት ሆነ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የካባው ጉዳይ ብቻ አልነበረም። እኔ ጠዋት ዳቦ ሰልፍ ላይ በክርን ተጎስሜ፣ ቀን መጋዘን ውስጥ ተጩሆብኝ፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ስብሰባ ላይ ላልገባኝ ነገር አጨብጭቤ የምኖር ሰው ነኝ። እሳቸው ቤት ማንም አይቸኩልም። «አንድ ጊዜ ከጌቶች ጋር ግብር ስንገባ...» ብለው ይጀምሩና አዳራሹ ይታየኛል፤ እንደየማዕረጉ የተቀመጠው ሰው፣ በብርሌ የሚዞረው ጠጅ፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ከበቅሎ ወርደው እጅ የሚነሳሱት ሰዎች። ለኔ ማን ከምን ወርዶልኝ ያውቃል? ከአውቶቡስ እንኳ የሚወርደው ሰው ረግጦኝ ነው የሚወርደው።

እንግዲህ እንዲህ እንዲህ እያልኩ የድሮ ሰው ሆንኩ።

መጀመሪያ ሰላምታዬ ረዘመ። ዳቦ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆሙትን አንድ አዛውንት እጅ ነስቼ እንዴት አደሩ፣ ቤተ ሰቡ እንዴት አደረ፣ አዝመራው እንዴት ነው እያልኩ ቆየሁና፣

«ከብቶቹስ ደህና ናቸው?» አልኳቸው።

«የምን ከብት? ያለችኝ ድመት ናት።»

«ድመቷስ እንዴት ሰነበተች?»

ድመቷ ታማ ነበርና ሰውየው ደስ ብሏቸው ሕመሟን ከሥሩ አስረዱኝ። ቀና ስል ሰልፉ ሁለታችንንም ጥሎን ሄዷል። ዳቦ ሳይኖረኝ ቤቴ ገባሁ፤ ግን በክብር ነው የገባሁት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ንግግሬ ተለወጠ።

«እርቦናል» አልኳት ዘነበችን አንድ ቀን ገና ከበር ስገባ።

አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ ተመለከተች። «ከማን ጋር ነህ?»

«ከማንም ጋር አይደለንም።»

«ታዲያ እነማን ናችሁ የራባችሁ?»

«እኛው ነን።»

«ሰው ይዘህ መጥተህ ከሆነ ንገረኝ። ሽሮዋ ለሁለት ሰው ናት።»

ድሮ ትልቅ ሰው ሲበላ ክፉ ዓይን እንዳያየው በሸማ ይጋረድ እንደነበር ባላምባራስ አጫውተውኛል። ይህችን ነገር ወደድኳት። ዘነበች ጋቢውን ይዛ እንድትጋርደኝ ለመንኳት። የመጀመሪያ ቀን ለፍቅር ስትል ጋረደችኝ። በማግስቱ እጄ ዝሏል አለችና ጋቢውን ቤቱ መሀል ገመድ ላይ አሰጣችው። እኔ በወዲህ፣ እሷ በወዲያ። ተደላድዬ ተቀምጬ እጄን ስሰድድ ትሪው ላይ ደረቅ እንጀራ ብቻ ነው።

«ወጡስ?» አልኩ ከመጋረጃዬ ውስጥ።

«ወጡማ በዚህ በኩል ነው» አለች። «እየበላነው ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይነቃ ነበር። እኔ ግን የቀረኝ በቅሎ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሰፈራችን ውስጥ እህል የሚያመላልስ ሰው በቅሎ ነበረችው። የማርያም ዕለት እንጦጦ ማርያም እንደ ድሮ ሰው በበቅሎ ወጥቼ መሳለም አማረኝና ለመንኩት። ባላምባራስ በገዛ እጃቸው ካባውን ደርበውልኝ፣ «ቀኙን ትከሻ ከፍ፣ ዓይንህን ከሰው በላይ» ብለው መክረው ሸኙኝ። ዘነበች በር ላይ ቆማ አየችኝ። ምንም አላለችም። ዘነበች ምንም ካላለች ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

እስከ መንገዱ መገንጠያ እንደ ልዑል ሄድኩ። መገንጠያው ጋ አንደኛው መንገድ ወደ እንጦጦ ይወጣል፣ አንደኛው ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። በቅሎይቱ ቁልቁል ዞረች። ልጓሙን ወደ ላይ ሳብኩ፤ አንገቷ መጣልኝ፣ እግሯ ግን አልመጣም። ፊቷ እንጦጦን እያየ እኛ አዲሱ ገበያ ወረድን። ለካስ በዕድሜዋ የምታውቀው አንድ ቦታ ነው፤ ወፍጮ ቤት።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ እህል የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። በቅሎይቱ ቀጥ ብላ ገብታ የሁልጊዜ ቦታዋ ላይ ቆመች። ዱቄት ቅንድቡ ላይ ሳይቀር የሰፈረበት ጫኝ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ መጣና ጭነት ሊያወርድ ጭኔን ጨበጠው።

«ጤፍ ነው ስንዴ?»

«ሰው ነው» አልኩት፤ ካባ የለበሰ ሰው ሊናገር በሚችለው ክብር።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሳቁ ግን ድንገት ቆመ። ከሰልፉ መሀል፣ እህል በተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ሰው ተነሳ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ነው።

ጓድ ታደሰ ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ጎሚስታ ነበር። ሰውን ሁሉ እንደ ጎማ ነው የሚያየው፤ የት ጋ እንደሚተነፍስ ይፈልጋል። ከበቅሎዋ ኮቴ ጀምሮ ቀስ እያለ ዓይኑን እስከ ራሴ አወጣው። የወርቁ ጥልፍ ላይ ሲደርስ ቆየ።

«ፊውዳል!» አለ ጮክ ብሎ።

አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ሸሹ። ወፍጮው እንኳ የቆመ መሰለኝ። ዘነበች በር ላይ ቆማ ዝም ያለችው ዝምታ ያኔ ነው የተሰማኝ። ለመውረድ ሞከርኩ፤ ካባው ኮርቻው ላይ ተያዘና ግማሽ ወርጄ ግማሽ ቀረሁ።

«ፊውዳል አጥተን ስንቸገር» አለ ጓድ ታደሰ፣ ፊቱ እየበራ፣ «ለካ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ አለ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአብዮቱ በዓል የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ትያትር እያዘጋጀ ኖሯል። ጭሰኛ የሚሆን ሰው ሞልቷል፤ ፊውዳል የሚሆን ግን ጠፋ። የተጠየቀው ሁሉ «ስሙ ቢለጠፍብኝስ?» እያለ ይሸሻል። እኔ ራሴን ችዬ፣ ካባዬን ለብሼ፣ በቅሎዬን ይዤ መጣሁላቸው።

«ለልምምዱ ነው አይደል እንዲህ የለበስከው?» አለኝ ጓድ ታደሰ ጠጋ ብሎ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለልምምዱ ነው በል።»

«ለልምምዱ ነው!» አልኩ፤ ኮርቻው ላይ ተንጠልጥዬ።

እንግዲህ በዚህ ተረፍኩ ብዬ ነበር። ልምምዱ ቦታ ስደርስ ግን ጭሰኛ ሆነው የቆሙልኝ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አማቴ! ጋሽ ጨመረ! የሸማኔዎቹ ማኅበር አንድ ሰው ያዋጣ ተብሎ እሳቸውን ልኳል።

ትያትሩን የጻፈው ሰሎሞን የሚባል ፀጉሩን ያጎፈረ የኪነት ቡድኑ መሪ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ጭሰኛው ማር ይዞ ይመጣል፣ ይንበረከካል። ፊውዳሉ ማሩንም በሬውንም ይቀማዋል፣ በእግሩ ይገፋዋል፣ ሃ ሃ ሃ ብሎ ይስቃል። ሰፊው ሕዝብ ማጭድና ዶማ ይዞ ይገባል። ፊውዳሉ አልጋ ሥር ይደበቃል። መዝሙር።

«ጀምር» አለኝ ሰሎሞን።

ጋሽ ጨመረ የማር ቅላቸውን ይዘው ፊቴ ቆሙ። ልጃቸውን የሰጡኝ ሰው ናቸው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እርስዎ ጭሰኛ!» አልኩ። «እባክዎ ይንበርከኩ።»

ሰሎሞን ፀጉሩን ያዘ። «ጓድ! ፊውዳል ጭሰኛውን አንቱ አይልም!»

«አማቴ ናቸው እኮ።»

«እዚህ አማት የለም፣ መደብ ነው ያለው! ግፋው!»

ገፋኋቸው። ማለቴ፣ ጉልበታቸው ላይ ያለውን አቧራ አራገፍኩላቸው ማለት ይሻላል። ጋሽ ጨመረም በንቀት አዩኝ። «ይኼ የእኔን ልጅ እንዴት ነው የሚያስተዳድረው?» አሉ ለሰሎሞን።

ቤት ስገባ ዘነበች ጠብቃኛለች። ወሬው ቀድሞኛል።

«አባቴን በሰው ፊት ልታንበረክከው ነው?»

«የትያትር ነው እኮ።»

«በቅሎዋም የትያትር ነበረች? መጋረጃውም የትያትር ነበር? አንተ የድሮው ዘመን ውስጥ ስትገባ ሁልጊዜ ጌታው አንተ ነህ። እኔን የት እንዳስቀመጥከኝ አስበህ ታውቃለህ?»

መልስ ፈለግኩ። ካባ ሲኖር ብዙ ነገር መናገር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ካባው ባላምባራስ ቤት ነበር።

አልሠራም እንዳልል ጓድ ታደሰ አስጠርቶ ነግሮኛል። ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከፍተኛ ካድሬ ይመጣል። ትያትሩ ከተበላሸ፣ አለኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ «እንጠያየቃለን።» በዚያ ጊዜ «እንጠያየቃለን» ማለት ጥያቄውን አንዱ ወገን ብቻ የሚጠይቅበት ነገር ነው።

በዓሉ ደረሰ። የቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ጢም አለ። ካድሬው ፊት ለፊት እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ዘነበች ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ባላምባራስም ከኋላ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ካባቸውን ለእንዲህ ያለ ትያትር ማዋስ ቅር አላላቸውም። «ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው ሰው ፊት ይቁም» ነው ያሉኝ።

መጋረጃው ተከፈተና ገባሁ። እናንተዬ፣ የሆነውን ማን ያምነኛል? ፊት የተቀመጡት እናቶች ካባውን ሲያዩ ተነሱ። ለማክበር ብለው አልነበረም፤ ጉልበታቸው ነው የተነሳው። አንዷ እንዲያውም ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሳች። ወራት ሙሉ በባላምባራስ ወሬ ውስጥ ሳየው የነበረው አዳራሽ ይኸው በአካል መጣልኝ። የካድሬው ፊት ጠፋኝ። ሰሎሞንም፣ ጓድ ታደሰም፣ ሳሙናውም ጠፋኝ። ከዚያ ጋሽ ጨመረ ማራቸውን ይዘው ገቡና ፊቴ ተንበረከኩ።

በእግሬ መግፋት ነበረብኝ። እኔ ግን እጄን ዘረጋሁ።

«ተነስ» አልኩ፤ የራሴ ድምፅ ገረመኝ። «ማርህን መልሰህ ያዝ። በሬህንም ሰጥቼሃለሁ። ዛሬ በደጄ የሚያለቅስ የለም! ግብር ግቡ! ሥጋው ይቆረጥ፣ ጠጁ ይቀዳ!»

ሥጋ በዓል ለበዓል ብቻ የሚያይ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ምን ያድርግ? ከኋላ እልልታ ቀለጠ። «እሰይ የኔ ጌታ!» አለች አንዷ። «ሥጋው በየት በኩል ነው?» አለ አንዱ፣ የምሩን ነው የጠየቀው። ሰፊው ሕዝብ ሆነው ከመጋረጃ ጀርባ ማጭድ ይዘው የሚጠብቁት ልጆች መግቢያቸው ጠፋባቸውና በስንጥቅ እያጮለቁ ያዩኛል። «ግፋው! ግፋው!» ይላል ሰሎሞን በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታው እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማል። ጓድ ታደሰ አንገቱን ቀብሮ ላቡን ይጠርጋል፤ የሚተነፍሰው ጎማ የገዛ ራሱ ሆነበት።

ጋሽ ጨመረ ግን አልተነሱም። ከተንበረከኩበት ሆነው ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው የትያትር ዓይን አልነበረም።

«በሬው የማን ነው?» አሉ።

ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። ወደ ሰሎሞን ዘወር አልኩ።

«በሬው የማን ነው አልኩህ! የገዛ በሬዬን ሰጠኸኝና እጅ ልንሳህ?» ቀስ ብለው ተነሱ። «ቸር ጌታ ነህ። አውቅሃለሁ። አባቴ አንድ ቸር ጌታ ነበረው። ባለጥለት ኩታ ሸምኖለት ሊያስረክብ ደጁ ቆመ። ዝናብ መጣ። አባቴ ኩታው እንዳይረጥብ የራሱን ልብስ አውልቆ ጠቀለለው፤ እሱ ራቁቱን ዝናቡ ላይ ቆመ። ጌታው ወጣ፣ ኩታውን አየ፣ ደስ አለው። ጠጅ ስጡት አለ። ምን ያደርጋል፣ ቸር ነው! ጠጁን አመጡለት። በምን? በሰባራ ገል! ሸማኔ አፉን ባሳረፈበት ዋንጫ ሰው አይጠጣም ተብሎ!»

ከግድግዳው ጋ ዘነበች አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ይህን ታሪክ ለእሷም ነግረዋት እንደማያውቁ ኋላ ነው የሰማሁት።

እኔስ ምን ልበል? ካባው ትከሻዬ ላይ አለ፤ ግን ውስጡ ያለው የሳሙና መጋዘን ሠራተኛ ነው፣ ፊቱ የቆሙት ደግሞ አማቱ ናቸው።

«ጋሼ» አልኩ፣ ፊውዳልነቴን ረስቼ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አንተ በለው! አንተ!» አለ ሰሎሞን ከመጋረጃው ጀርባ እያለቀሰ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ጨመረ ግን የሚስቁ ሰው አልነበሩም። ቅሉን በሁለት እጃቸው አነሱ። ውስጡ ማር ሳይሆን ውሃ ነበር፤ ግን ቅሉ ቅል ነው። ሮጥኩ። እሳቸውም ተከተሉኝ። መድረኩን ዞርነው፣ ደግመን ዞርነው። ሕዝቡ «በለው!» ይላል፤ ቅድም «የኔ ጌታ» ያለችው ሴት ሳትቀር «በግራ ነው፣ በግራ!» እያለች ትጠቁማለች። አልጋ ሥር ልግባ ብዬ ዘለልኩ። አልጋው ከሰሎሞን እናት የተዋስነው ነው፤ ዝቅተኛ ነው። ጭንቅላቴና ትከሻዬ ገባ፣ የቀረው እምቢ አለ። የገባው ከቅሉ ሲያመልጥ፣ ያልገባው ተቀበለው። ያኔ ሰፊው ሕዝብ መግቢያው የደረሰ መስሎት እየዘመረ ገባና በካባዬ ጫፍ ጎተተኝ። ቅድድ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ወገቤ ነበር የመሰለኝ።

መዝሙሩ አልቆ ስወጣ ካድሬው ከመቀመጫው ተነስቷል። ጓድ ታደሰ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ጓዶች» አለ ካድሬው። «ብዙ ትያትር አይቻለሁ። ፊውዳሉ ሁልጊዜ ይሳደባል፣ ይማታል። ዛሬ ገና ፊውዳሉ በምፅዋት እንዴት እንደሚያታልል፣ ጭሰኛውም እንዴት እንደሚነቃ የሚያሳይ ትያትር አየሁ። ይህን የጻፈው ጓድ ማነው?»

ሰሎሞን ከመጋረጃው ጀርባ ወጣና ፀጉሩን አስተካከለ። «እኔ ነኝ» አለ።

«በከፍተኛው ውስጥ ባሉት ቀበሌዎች ሁሉ ይታያል» አለ ካድሬው። «በየእሁዱ። ድብደባው እንዳይቀነስ።»

በማግስቱ የተቀደደውን ካባ ይዤ ባላምባራስ ዘንድ ሄድኩ። አንገቴን ደፍቼ አስረከብኳቸው። ቅዳዱን በጣታቸው ዳበሱትና ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ጋሽ ጨመረ የተናገሩት እውነት ነው?» አልኳቸው።

«ምኑ ይዋሻል? አንተ እኔን ግብር አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ የዋልኩ አድርገህ ታየኝ ነበር። ቆሜ ነው የምውለው። ጌቶች እስኪበሉ፣ እስኪጠጡ፣ እንቅልፋቸው እስኪመጣ ድረስ ቆሜ።»

«ታዲያ እንዲህ ያለውን ዘመን ለምን ይናፍቁታል?»

ጉልበታቸውን በሁለት መዳፋቸው ያዙት። አሁን ከወንበር ወደ አልጋ ለመሄድ እንኳ ግድግዳ የሚደግፉ ሰው ናቸው።

«ቀኑን ሙሉ መቆም እችል ነበራ!» አሉኝ።

ካባውን አጥፌ መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ላስቀምጠው ስል እጄን ያዙት። ለእሁዱ ያስፈልግሃል አሉኝ። ቅዳዱን ዘነበች ሰፋችው። ስትሰፋ አላናገረችኝም፤ ስትጨርስ ግን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ለካችውና «ለመደብደብ ይሆንሃል» አለች። ያን ቀን ሁለታችንም ከአንድ ትሪ በላን።

ዛሬም ቢሆን ዳንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም አንድ ሰው «ድሮ እኮ...» ብሎ ሲጀምር ጆሮዬ ይቆማል። ብቻ አዳራሹ ውስጥ በሐሳብ ስገባ አሁን መጀመሪያ የማየው ደጅ የቆመውን ሰው ነው፤ እሱን አይቼ ጠጁ እንደ በፊቱ አይጣፍጠኝም።

የሚቀጥለው እሁድ ሌላ ቀበሌ ልንሠራ ከጋሽ ጨመረ ጋር አብረን ወጣን። ከትያትሩ ወዲህ አልተነጋገርንም። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ካባዬን በብብቴ፣ ቅላቸውን በእጄ ይዤ ከኋላ። አቀበቱ ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ቆምኩ። ይቅርታ በስንት ዓይነት እንደሚባል ልቤ ውስጥ እየሞከርኩ ነበር።

«ስማ» አሉኝ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«አቤት ጋሼ።»

«ዛሬ ስትሮጥ ቀስ በል። አልደርስብህም።»